የአንገት ሰላምታ

አሮጊቷ በር ጠባቂ ከዋሻው ሐይቅ ብቅ ብላ፣ ከምድር ሰዎች ዘንድ ከርሞ ወደተመለሰው ልጇ እጇን ዘረጋች። ከሐይቁ ሥር ባለው የውኃ ሰዎች መንደር ብርሃን ስላልነበረ፣ ሰው ሰላም የሚባለውም የሚለየውም አንገቱ ተዳስሶ ነበር።

“እማዬ፣ አስገቢኝ።”

“ድምፅህ እንዴት ወፍሯል! ና እስቲ፣ አንገትህን።”

ጣቶቿ የሚተነፍስባቸውን ስንጥቆች ፈለጉ። ያገኙት ግን የሻከረ ጠባሳና የክር ቋጠሮ ነበር።

“የትኛው አረመኔ ነው የሰፋህ?”

“እኔው ነኝ፣ እማዬ። እንደ ሰው ልኑር ብዬ።”

እጇን ሰበሰበች። “እኛስ ምን ነበርን?”

“ማነው እሱ?” አለ ከታች አንድ ድምፅ።

“ሰው ነው” አለች፣ የበሩን ድንጋይ እየገፋች። “የኛ አይደለም።”