ምንም አልሆንኩም

ልጁ ኢዮስያስ የበረዶ ሆኪ ሲጫወት ተገጭቶ በረዶው ላይ ሲዘረር፣ አባትየውን መጀመሪያ የተሰማው ድንጋጤ ሳይሆን እፍረት ነበር። ልጄን እዩልኝ ብሎ የካናዳዋን የዊኒፔግ ከተማ ሐበሻ ግማሹን ጠርቷል። እሱ በልጅነቱ የገና ጨዋታ ሲጫወት ቅልጥሙ ተሰብሮ እንኳ ዱላውን አልጣለም፤ ይህን ታሪክ ደግሞ ከእንግዶቹ ያልሰማ የለም።

ወጣቷ አሠልጣኝ ልጁን ደግፋ አወጣችውና፣ «ጭንቅላቱን ነው የተመታው፤ ለዛሬ ይበቃዋል» አለች።

«እዚህ አገር ልጅ የሚያዘው እንደ እንቁላል ነው» አለ አባትየው ለእንግዶቹ እየሳቀ። ከዚያ ወደ ልጁ ወርዶ በጆሮው፣ «ሰው ፊት አታዋርደኝ። ምንም አልሆንኩም በላት» አለው።

ልጁ የአባቱን ፊት ፈዘዝ ብሎ አየው። «እሺ አባዬ።»

አሠልጣኟ ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሦስቴም «ምንም አልሆንኩም» አላት። እያመነታች ለቀቀችው።

ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ኢዮስያስ ጠፍጣፋዋን ጥቁር ኳስ ይዞ በረረ። ጓደኞቹ ስሙን እየጮኹ ተከተሉት። አባትየው ብድግ ብሎ፣ «ይኼ ነው የኔ ልጅ! በለው!» እያለ ወንበሩን ይደበድባል። ኢዮስያስ በረኛውን አታልሎ ጎል አስቆጠረ።

ማንም አላጨበጨበም። መረቡ የራሱ ቡድን መረብ ነበር።

ልጁ ግን ዱላውን ሽቅብ እንዳነሣ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ፣ ከሰዉ መሀል አባቱን ይፈልግ ነበር።