ከዳቦ ቤቱ ጋር የሸጥኩት ስም

ዳቦ ቤቴን የከፈትኩት ልጄ ክርስትና በተነሳች በሳምንቱ ነበር። እንግዲህ የማንን ስም ልሰጠው ነው? የእሷን ታፔላው ላይ አስጻፍኩት፣ በንግድ ምልክትነትም አስመዘገብኩት። አምና አንድ ትልቅ ኩባንያ ዳቦ ቤቱን ሊገዛኝ ሲመጣ፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «ስሙም አብሮ ይሸጥ እትዬ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አብሮ ይሂድ እንጂ! ስሟ በከተማው ሁሉ ይታይላት» ብዬ ፈረምኩ።

አዲሱን አዋጅ ማን አንብቦት! ለካ የተመዘገበ ስም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአፍ አይጠራም። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተተከለው አዳማጭ መሣሪያ እኔን ሁለቴ ይዞኛል። ለሦስተኛ ጊዜ ከሰማኝ ለልጄ በትእዛዝ ሌላ ስም ይወጣላታል።

ዛሬ ጠዋት ለትምህርት ቤት ጸጉሯን ስጎነጉንላት፣ «እማዬ፣ አንዴ ብቻ በስሜ ጥሪኝ። ቀስ ብለሽ፣ በጆሮዬ» አለችኝ። አምስት ዓመቷ ነው።

ማበጠሪያውን አስቀምጬ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩ። የአዳማጩ ቀይ መብራት በራ።

«የኔ ቆንጆ» አልኳት።

«እሱ ስሜ አይደለም» አለች።

ወዲያው የኩባንያው የዳቦ መኪና በሰፈራችን በኩል መጣ። ከድምፅ ማጉያው አንዲት ሴት፣ እኔ ድሮ ልጄን ከደጅ ስጠራት እንደማደርገው ድምፅዋን እየሳበች፣ «ማኅደር! ማኅደር!» አለች።

ልጄ ጸጉሯ በግማሽ እንደተበተነ ከእጄ አምልጣ ወደ በሩ ሮጠች።

«አቤት!» አለች።