ያልተነካካ ነጂ

መካኒኩ በልሁ ቀዩን የጣሊያን ስፖርት መኪናውን ልክ ከፋብሪካ እንደወጣ ለማድረግ አሥራ ሁለት ዓመት ሥሩ ተንበርክኮ ኖሯል። የጎረቤቶቹ መኪና ሁሉ ሞተሩ ተቀይሮ ራሱን በራሱ ይነዳል፤ በሰው እጅ እንዲነዳ የሚፈቀደው ያልተነካካ መኪና ብቻ ነው።

ዛሬ ይህን የምታረጋግጠው ተቆጣጣሪ መጥታ በመመርመሪያዋ እያንዳንዱን ብሎን አየች።

«አንድም የተቀየረ የለም፤ አልፏል!»

በልሁ ሊጨፍር ምንም አልቀረውም። ቁልፉን ሲያነሳ ግን መመርመሪያው ጉልበቱ ላይ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎ ሰው ሠራሽ ነው። ያልተነካካ መኪና የሚነዳው ያልተነካካ ሰው ነው።»

«መኪናውን ስጠግን እኮ ነው ጉልበቴ ያለቀው!»

ይኼኔ ባለቤቱ አሰገደች እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። ጡረታ እስክትወጣ የተማሪዎች ሰርቪስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት።

«እስቲ እኔን ፈትሺኝ።»

መመርመሪያው ከራሷ እስከ እግሯ ወረደ፤ ጭጭ አለ። አሰገደች ፈገግ ስትል በልሁ «አስተክዪው» እያለ ዕድሜ ልኩን የነዘነዛት የወለቀ የፊት ጥርሷ ክፍተት ታየ። ቁልፉን ከእጁ ወሰደች።

ሞተሩ ሲያገሳ ሰፈሩ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«ና ግባ እንጂ!» አለችው አሰገደች፣ በሩን ከውስጥ እየከፈተችለት። «የተሳፋሪ ጉልበት አይፈተሽም!»