የሁለት አበልጆች ማገዶ

ክንዱ የሚዋሸው ሲቸግረው ብቻ ነበር። ክፋቱ፣ ቶሎ ቶሎ ይቸግረዋል።

ንፋስ መውጫ ዳር፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ፣ የጡብ እቶን ነበረው። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ልጁን ክርስትና ያነሣለት የአበልጁ የንጋቱ እቶን አለ። ንጋቱ የሚያነደው ባሕር ዛፍ ነው፤ ግንዱን እንደ ጎተራ ቆልሎ ላላፊ አግዳሚው ያሳያል። ክንዱም ባሕር ዛፍ አነዳለሁ ይላል። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ከተወደደ ወዲህ እቶኑን የሚያግለው በድብልብል ነው፤ የገብስ ገለባና የባቄላ አገዳ ከእበት ጋር አቡክቶ፣ በጓሮ በፀሐይ አድርቆ።

ጡቡ አምሮ ይወጣል፤ ሲመቱት እንደ ቃጭል ይጮኻል። ምሥጢሩን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ደጊቱ ብቻ ናቸው። ጡቡን ያዘዙት የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ወልደ ሩፋኤል ሲሆኑ፣ የሚገባውም ለአዲሱ ቤተልሔም፣ የቁርባኑ ኅብስት ለሚዘጋጅበት ቤት ነበር። ያ ቤት በእበት በተተኮሰ ጡብ ቆመ ከተባለ፣ ክንዱ እንኳን ጡብ ሊሸጥ፣ ደጀ ሰላም ቆሞ ጠበል የሚያቀምሰው የሚያገኝ አይመስለውም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሚኒባስ ሹፌሩ ቸሬ ወሬ ይዞ መጣ። ከባሕር ዳር አንዲት ባለሙያ ተነሥታ በየከተማው እቶን ያላቸውን ትጎበኛለች፤ እበትና ገለባ የሚያነዱትን ስማቸውን ትመዘግባለች፤ ማክሰኞ እዚህ ናት። ለምን እንደምትመዘግብ ቸሬ አልጠየቀም። ክንዱም አልጠየቀም። መንግሥት ስሙን ጽፎ የሸለመው ሰው በዘሩ የለም።

ደጊቱ እውነቱን ለአባ ነግሮ እንዲያርፍ መከረችው።

«እበት ነው እንጂ ሰው አላነደድህ» አለች።

ሰኞ ማለዳ ክንዱ አጥሩን ተሻገረ።

«አበልጄ፣ ጉድ ሆነሃል» አለ። ሴትዮዋ ባሕር ዛፍ የሚያነዱትን ልትቀጣ እንደምትመጣ፣ ዛፍ ጨራሽ እያለች እንደምታሳስር ነገረው። ንጋቱ የግንዱን ቁልል አየና አላበው። የተነገረውን ሁሉ የሚያምን ሰው ነው፤ ክንዱ ልጁን ክርስትና እንዲያነሣለት የመረጠውም ለዚሁ ነው ይባላል።

ቢሆንም አበልጅ ለመቼ ነው፤ ክንዱ ግንዱን ወደ ራሱ ግቢ ወስዶ ያሳድርለታል፤ ቅጣትም ቢመጣ እሱ ይችለዋል። ባዶ ግቢ ደግሞ ያስጠረጥራልና በግንዱ ምትክ፣ የደጊቱ ምጣድ ማገዶ ነው ብሎ፣ ጥቂት ድብልብል ያስቀምጥለታል። የንጋቱ ዐይን እንባ ሞላ።

«አንተ ልትታሰርልኝ?»

«ምን ይደረግ፤ አበልጅ ነን» አለ ክንዱ።

ያን ዕለት በአህያ ሲያመላልሱ ዋሉ። ንጋቱ ብትጠይቀኝ ምን እላለሁ ብሎ ስለተጨነቀ፣ ክንዱ አሠራሩን አስጠናው፤ ስንት እጅ ገለባ፣ ስንት እጅ እበት፣ ስንት ቀን ፀሐይ። ንጋቱ እንደ ውዳሴ ማርያም ደጋገመው።

ማክሰኞ ባለሙያዋ መጣች። አዜብ ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ጭቃ የማትፈራ ልጅ ናት። አባ ወልደ ሩፋኤልም ጡባቸውን ሊያዩ መጥተው ቆመዋል።

አዜብ መጀመሪያ ክንዱ ግቢ ገብታ ምን እንደሚያነድ ጠየቀችው። ባሕር ዛፍ፣ አለ። ገለባስ? ገለባ የከብት ነው፣ አለ። ከእቶኑ አፍ አመድ ቆንጥራ በጣቷ አሸት አሸት አደረገች።

«ጋሼ ክንዱ፣ ትንሽ እበትም ቢሆን ጣል አያደርጉም?» ድምጿ ልመና ይመስላል። ወጥመድ ነው፣ አለ ክንዱ በልቡ።

«ሚካኤልን፣ አንድ ጭብጥ እበት እዚህ እቶን ገብቶ አያውቅም። የቤተልሔም ጡብ ነው እኮ።»

አባ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ደጊቱ ወደ ጓዳ ገባች። አዜብ የግንዱን ቁልል ለረጅም ጊዜ አየችና፣ ደብተሯን ዘግታ ወደ ንጋቱ ግቢ አለፈች።

ክንዱ በአጥሩ ቀዳዳ ይከታተላል። ድብልብል አነሣች፤ ሰበረች፤ አሸተተች። ንጋቱ እጁን እያወናጨፈ ያስረዳል፤ እሷ ትጽፋለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ጻፈች። ስሙን ከነአያቱ ጠየቀችው፤ በመጨረሻም ጣቱን ቀለም አስነክራ አስፈረመችው።

ክንዱ መጀመሪያ ደስ አለው። ራቱን ሳይጨርስ ግን ከገበታው ተነሣ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ደጊቱን ለንጋቱ ስንቅ እንድታሰናዳ፣ የራሱንም ጋቢ እንድታጥብ ነገራት፤ የታሰረ ሰው ይበርደዋል። ንጋቱ ደግሞ ምንም ሳያውቅ በየማለዳው በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ፣ ስለ ግንዱ ውለታ ይመርቀዋል። ከቅጣቱ ይልቅ ምርቃቱ ባሰበት።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ንጋቱ በር ላይ ቆመ። ሦስት ሰዎች ገመድና ብረት ይዘው ወረዱ፤ አዜብም አብራ አለች፤ አባም ተጠርተው መጥተዋል። እቶኑን ሊያፈርሱት ነው ተባለ። ክንዱ ጋቢውንና ስንቁን ታቅፎ ሮጠ፤ የተሰበሰበውን ሰው ገፍቶ አዜብ ፊት ቆመ።

«እሱን ልቀቁት» አለ። «ድብልብሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ንጋቱ አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም።»

ሰዎቹ ሸራውን ገፈፉት። አዜብ ከሥሩ የወጣውን የሚያብረቀርቅ የማገዶ መጭመቂያ ማሽን እያሳየች፣ «ሽልማት ሲመጣ ባለቤት ይበዛል፣ ጋሼ ክንዱ» አለች፤ «የላከኝ የሲሚንቶ ፋብሪካ ከሰሉን ትቶ የእበትና የገለባ ማገዶ ዓመቱን ሙሉ የሚገዛው ከአቶ ንጋቱ ነው፤ እርስዎ ደግሞ በሚካኤል ሲምሉ አባም ሰምተዋል። ይልቅ አይዘኑ፤ ከነገ ጀምሮ እሳቸው ያስተምሩዎታል።»