«ሐሪር ነው!» ብሎ የአባቱን አንሶላ የገፈፈው ጨርቅ ነጋዴ

«አንሺው! አሁኑኑ ከአባቴ ሥር አንሺው! ሐሪር ለወንድ ሐራም መሆኑን አታውቂም?»

ሳዲቅ ነበር የጮኸው... ሐሪር የሚለው የሐር ጨርቅን ነው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ታማሚውን አባቱን አባቦራን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሎች ሻያቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

እህቱ ሐጂራ ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«ሳዲቄ... ይህን ጨርቅ እኮ ከሱቅህ ቆርጠህ የሰጠኸኝ አንተ ራስህ ነህ።»

«ዝም በይ! ሽማግሎች በተቀመጡበት አፍ ትከፍቺብኛለሽ?»

ሐጂራ አንገቷን አቀረቀረች። ደሟ ግን ፈላ።

አባቦራ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂማ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የሸጡ ሰው ናቸው። እጅን የሚያንቀጠቅጥ፣ ገላን እንደ ግንድ የሚያደርቅ ሕመም ሲይዛቸው ሱቁን ለበኩር ልጃቸው ለሳዲቅ አስረክበው ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለው ቤታቸው የአልጋ ቁራኛ ሆኑ።

የምታስታምማቸው ሐጂራ ናት።

ሕመሙ ከነጠቃቸው ሁሉ የከፋው አንድ ነገር ነበር... አልጋቸው ላይ መገላበጥ።

የጥጥ አንሶላው ልብሳቸውን ይዞ አይለቅም። ትከሻቸው ሲነሣ ዳሌያቸው ይቀራል። ልጃቸውን ላለመቀስቀስ ጥርሳቸውን ነክሰው ስለሚያነጉ አንድ ጎናቸው ቀልቶ መላጥ ጀምሮ ነበር።

መላውን ለሐጂራ የነገረቻት አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። «የሚያንሸራትት ጨርቅ ከትከሻቸው እስከ ጭናቸው ብቻ ይሁን። እግራቸው የሚያርፍበት ጥጥ ይሁን፤ መግፊያ ያስፈልጋቸዋል።»

ሐጂራ ከወንድሟ ሱቅ ሳቲን የሚባለውን ልሙጥ ጨርቅ አምጥታ በአንሶላው መሐል ሰፋችው።

በማግሥቱ ጠዋት ወጥ ቤት ሳለች የአባቷ ድምፅ ጠራት...

«ሐጂራ! ኮቱ! ነይ እዪኝ! ዞርኩ እኮ! አልሐምዱሊላህ፣ ብቻዬን ዞርኩ!»

እሳቸው ሳቁ። እሷ አለቀሰች።

እንግዲህ ሳዲቅ «አንሺው» የሚለው ይህንን አንሶላ ነው!

«ረጋ በል እንጂ ሳዲቅ» አሉ ሀጂ ሀቢቡላህ። ከሽማግሎቹ አንዱ፣ ከአጋሮ የመጡ ቡና ነጋዴ ናቸው። ጨርቁን ዳበስ አድርገው «ይህ ሐሪር አይደለም እንዴ?» በማለት ነገሩን የጀመሩትም እሳቸው ነበሩ። «ለታማሚ ይፈቀድ እንደሆነ ሸኹን እንጠይቅ...»

«ምን ይጠየቃል ሀጂ! ሐራም ሐራም ነው!»

ይህን ብሎ አባቱን ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጋቸውና አንሶላውን ከሥራቸው ሳበው።

የሚንቀጠቀጡት የአባቱ ጣቶች የጨርቁን ጫፍ ጨብጠው ነበር... አስለቀቃቸው።

አባቦራ ሽርጣቸው ከጉልበታቸው በላይ ተሰብስቦ፣ ባዶ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ፣ በሰው ፊት ቀሩ።

ሐጂራ ሮጣ ሽርጡን ወደ ታች ሳበችላቸው።

ሀጂ ሀቢቡላህ በረጅሙ ተነፈሱ። «እኔስ ከዚሁ ጨርቅ የወሰድኩት ለልጄ ለከውሰር ሰርግ ነው፤ ለሴት ስለሚፈቀድ። ‹ወላሂ፣ ንጹሕ ሐሪር ነው› ብለህ ስትምልልኝ አምኜህ...»

ሐጂራ ቀና አለች።

ሁሉም ነገር ተገለጠላት!

ሳዲቅ ጨርቁን ሲቆርጥላት «ውሰጂው፣ ተራ ፖሊስተር ነው» ብሎ ስቆ ነበር። በዚያው አፉ ደግሞ ለሀጂ በአላህ ስም ምሎ ሐሪር ነው ብሎ ሸጦላቸዋል።

አሁን «ሐሪር አይደለም» ቢል ማጭበርበሩ ይጋለጣል። «ሐሪር ነው» ካለ ደግሞ ከአባቱ ሥር ሊገፍፈው ነው።

መረጠ... ገፈፈው።

ልትናገር አፏን ከፈተች። የቤቱ ስም፣ የሽማግሎቹ ዓይን... አሳሰባትና አፏን መልሳ ዘጋች።

ያን ጊዜ ከአልጋው ላይ ደካማ ድምፅ ተሰማ።

«ክብሪት።»

«ምን አሉ አባ?»

«ክብሪት አምጪ... ከጨርቁም ክር ምዘዢ።»

የሳዲቅ ፊት ዐመድ መሰለ። «አባ፣ እባክዎ... እንግዳ ፊት...»

«አንተስ ያራቆትከኝ እንግዳ ፊት አይደለም?»

ጨርቅ የነገደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እውነተኛ ሐሪር ሲቃጠል የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ በጣት ሲያሹት ዐመድ ሆኖ ይበናል።

ሐጂራ ክሩን ለኮሰችው።

ክሩ ቀለጠ... የላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ጫፉ ላይ ጥቁር፣ ጠጣር ፍሬ ቀረ።

ሀጂ ሀቢቡላህ ፍሬውን በጣታቸው አሹት። አልፈረሰም።

ተነሡ። አንሶላውን ከሳዲቅ እጅ ወሰዱና አንዱን ጫፍ ለሐጂራ ሰጥተው አብረው አነጠፉት፤ አባቦራንም ደግፈው አስተኟቸው።

«ጨርቁን አልመልስልህም፣ ሰርጉ አልፏል» አሉ ወደ ሳዲቅ ዞረው። «መሐላህን ግን እኔ ሳልሆን ሌላ ይጠይቅሃል።»

ሳዲቅ ወደ አልጋው ተጠጋ። «አባ... አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ...»

አባቦራ ልጃቸውን አንድ ጊዜ አዩት።

ከዚያ ተረከዛቸውን በጥጡ ላይ ተከሉ። ትከሻቸው ተንሸራተተ... ዳሌያቸው ተከተለ...

ማንም ሳይነካቸው፣ ብቻቸውን፣ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ለልጃቸው ጀርባቸውን ሰጡት።

ወገኖቼ! ስለ ሐራም የሚጮህ ሁሉ ፈሪሃ አምላክ ያለው አይደለም። አንዳንዱ የሚጮኸው የራሱ ውሸት እንዳይሰማ ነው። የወላጁን ዕረፍት ለስሙ ማዳኛ የሚገፍፍ ሰው፣ ምንም ያህል ቢሰግድና ቢጾም፣ ቤቱን አፍርሶ ደጁን የሚያሳምር ከንቱ ነው!

እስቲ ፍረዱ... አባቦራ የልጃቸውን ገመና በእንግዳ ፊት ማውጣታቸው ልክ ነበር? ወይስ በር ዘግተው ሊመክሩት ይገባ ነበር?

ፍርዳችሁን ከታች ጻፉ። «ገመና ይሸፈናል» የምትሉ ግን፣ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሌሊት ሳትገላበጡ ተኝታችሁ ሞክሩት።