በአቧራው ውስጥ ያልበራው መብራት

በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ቀይ አፈር መንገድ ላይ፣ ልጆቼ፣ መኪና ከመኪና ሲተላለፍ ሹፌሩ ከመሪው ላይ አንዲት ጣቱን ብድግ ያደርጋል። «አይቼሃለሁ» ማለት ነው። የተኳረፈ ሰው እንኳ ይህችን አይነፍግም። የኖሪን ባል ክላሪ ጫፏን የበግ መሸለቻ የቆረጣትን ጣቱን ነበር የሚያነሣው።

እሱ ነጭ ፒክአፑን መብራት ሳያበራ ሲነዳ በአቧራ ውስጥ ተጋጭቶ ከሞተ ወዲህ፣ ኖሪን በጠራራ ፀሐይም የመኪናዋን መብራት በእጇ ሳታበራ ነድታ አታውቅም። ዛሬ ግን ልጇ አዲስ መኪና ሰጥቷት፣ «እማዬ፣ ይኼ ራሱ ነው የሚበራው፤ እንዳትነካኪው!» ብሎ ሸኛት።

መንገድ ላይ ከብት የጫነ ባለ ሦስት ተሳቢ መኪና አቧራውን እያስነሣ ሲሄድ ደረሰችበት። አቧራው ውስጥ ገባች። ለመኪናዋ ግን ገና ቀን ነበርና መብራቱ አልበራም። ደግነቱ ወዲያው ወጣች።

ፖስተኛው ዴዝሞንድ ከፊት ለፊቷ መጣ። ጣቷን አነሣችለት፤ እሱ ዝም ብሎ አለፈ።

«ምነው ዛሬ ኮራህ፣ አንተ ቀልማዳ!» ብላ ሳቀች።

ከኋላው የመጣችው ጎረቤቷ መርልም ዝም ብላ አለፈች።

የመኪናዋ መነጋገሪያ ራዲዮ ተንኮሻኮሸ። ዴዝሞንድ ነው። «አክስት ኖሪን፣ የት ቀረሽ? ኤሊም ቀደመችሽ እኮ!»

«አሁን አጠገብህ አለፍኩ፣ ዕውር!»

«አክስት ኖሪን? ትሰሚኛለሽ?» ድምፁ ቀልዱን ተወ። «አክስቴ?»

ያን ጊዜ ከፊት ለፊቷ መብራቱን ያላበራ ነጭ ፒክአፕ መጣ። ሲደርስ ቀስ አለ። ሹፌሩም ከመሪው ላይ ጫፏ የተቆረጠችውን ጣቱን አነሣላት።