ዘናጩ ተራ ሲጠብቅ

«እሳቸው ደህና ናቸው፤ ትንሽ ይጠብቁ» ትላለች ነርሷ፣ ባልየውን ከላይ እስከ ታች አንዴ አየት አድርጋ። ከዚያ ነጠላ ጫማ ያደረገውን፣ የሚያቃስተውን ጎልማሳ ደግፋ ወደ ውስጥ ታስገባለች።

ደህና! ትላለች ሚስትየዋ በልቧ። ባሏ ከጎኗ፣ የድንገተኛ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ከረባት። ጠዋት መታጠቢያ ቤት ደም ሲያስመልሰው በዓይኗ አይታለች። ታክሲ ጠርታ ስትመለስ ግድግዳ ተደግፎ ጺሙን ይላጭ ነበር። ውስጡን ለቄስ ማለት ይኸው ነው።

የሥራ ጓደኞቹ «ዘናጩ» ይሉታል፣ የሰፈር ልጆች «ሙሽራው»። እናቷ ገና በመጀመሪያው ቀን «ቄንጠኛ» ብላ ስም አወጣችለት። እሷ ራሷ ሲብስባት «ሽቅርቅር» ትለዋለች። ትዳራቸው ውስጥ የተጣሉት በሌላ ሴት አይደለም፣ በመስታወት ተራ ነው።

«ከረባቱን ልፍታልህ?»

«ተይ፣ ሰው ያያል።»

«ይይ! እንዲያይ አይደል የመጣነው? አቃስት እስቲ።»

«በሰው ፊት?» ይላል። ፈገግ ለማለት ይሞክራል፤ ከንፈሩ ገርጥቷል።

ነርሷ ስትመለስ ሚስትየዋ ተነስታ መንገድ ትዘጋባታለች። «የኔ እህት፣ ልብሱን አይተሽ አትፍረጂ። ደም አስመልሶታል።»

ነርሷ ወደ እሱ ጎንበስ ትላለች። «እውነት ነው አባት? ምን ይሰማዎታል?»

«ሆዴን ትንሽ ነው» ይላል፣ የኮቱን ቁልፍ እየነካካ። «ጠዋት ቀይ ሥር በልቼ ነበር። እሷ ቶሎ ትደነግጣለች።»

ነርሷ ፈገግ ብላ ወደ ሌላ ሕመምተኛ ትሄዳለች። ሚስትየዋ ታውቃለች፤ ቀይ ሥር ቤታቸው ከገባ ሰንብቷል። ሰውዬው ሸሚዙ ተጨማዶ ከሚታይ ሞቱን ይመርጣል፤ ይህን ዛሬ ገና ማወቋ ያስፈራታል።

ዞር ስትል ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከእንግዲህ አትለምነውም። ከረባቱን ጎትታ ትፈታዋለች፣ ኮቱን ከትከሻው ታወርደዋለች፣ ሸሚዙን ከሱሪው ትመዘዋለች። ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ይይ።

የቀረው ፀጉሩ ነው። ፀጉሩን ሚስቱም አትነካውም፤ በፍቅራቸው ዘመን እንኳ እጇን ቀለብ አድርጎ «ተይ» ይላት ነበር። አስር ጣቷን አስገብታ ታንጨባርረዋለች፤ ጥግ ላይ የቆመ ለማኝ እስኪመስል ድረስ።

ነርሷ ከወዲያ ማዶ ታየውና የያዘችውን ጥላ፣ ተሽከርካሪ አልጋ እየገፋች ትሮጣለች።

የባሏ እጅ ግን እንደ ድሮው ሊይዛት አልተነሳም። ጭኑ ላይ እንደተዘረጋ ነው።

«"ተይ" በለኝ እንጂ» ትለዋለች፣ ጣቶቿ ፀጉሩ ውስጥ እንዳሉ።